ቅዱሱ በሩን ሳይገባ

ኤርሲሊያ ሰዉን በክርኗ እየገፈተረች ባሏ ጋ ደረሰችና ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች። የደም ሥሩን ምት ልትቆጥር ሞክራ አቃታት። ሁለቴ ይመታል፣ አንዱን ይዘላል፣ ከዚያ እየተሽቀዳደመ ይመታል።

ተሸካሚዎቹ የቅዱስ ሮኮን ሐውልት ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ያለከልካሉ። የቀራቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በሩጫ የሚወጣው ደረጃ ነው። አስራ ስድስቱም ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሱም። ቅዱሱ በሩን ሳይገባ የጠጣ ተሸካሚ ስለቱ ይፈርሳል፣ ትንፋሹም ይሰበራል ይባላል። እንዲህ እየተባለ ስንቱ ጎበዝ በነሐሴ የበጋ ፀሐይ እንደደረቀ እግዜር ይቁጠረው።

"ኑንዚዮ፣ ላብህ የት ሄደ?" አለችው። ፊቱ ደርቋል፤ ቆዳው ይፋጃል።

"ደህና ነኝ... ትንሽ... ነው የቀረው።" በየቃሉ መሃል ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል።

የውሃ ጠርሙሷን ከጉያዋ ስታወጣ የተሸካሚዎቹ አለቃ ሽማግሌው ጋውዴንዚዮ ተመለከታት። "አንቺ ሴት! ጡጦ ይዘሽ መጣሽ? ባልሽ ገና ጡት አልጣለም እንዴ?" ሰዉ ሳቀ።

"አጎቴ ጋውዴንዚዮ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! ልቡ ቀጥ ሊል ነው።"

"ቀጥ የሚለውማ በጋለ ደረት ላይ ውሃ ስታፈሺበት ነው! አባቱ በዚሁ የመሸከሚያ እንጨት ሥር ሠላሳ ዓመት በደረቅ ጉሮሮ ሮጧል። ዞር በይ!"

አልሰማችውም። ጠርሙሱን ወደ ከንፈሩ ስታስጠጋ ግን ኑንዚዮ ራሱ ጥርሱን ገጠመ።

"ሚሬላስ?" አላት።

የፈራችው ይህንኑ ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት የስድስት ዓመት ልጃቸው ሚሬላ ሳንባዋን ታማ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ፣ "ስለት ተሳል" ብላ ባሏ እግር ላይ የወደቀችው እሷው ነበረች። ልጅቱ ዳነች፤ ስለቱም ቅዱሱን መሸከም ነበር። ይኸው አሁን ከደረጃው በላይ በሩ ጋ ከአያቷ ጋር ሆና አባቷን ትጠብቃለች። ቅዱሱ የሰጠውን መልሶ ቢወስድስ? ባሏን ታትርፍ ወይስ ልጇን? እንዲህ ያለው ምርጫ ለጠላትም አይስጠው።

"ተነሱ!" ብሎ ጮኸ ጋውዴንዚዮ።

ትከሻዎች ከእንጨቱ ሥር ገቡ። ኑንዚዮም ሊገባ ጎንበስ ሲል ተንገዳገደና በእጁ መሬቱን ያዘ።

"ስለቱ የኔ ነው! ተሳል ያልኩት እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች ኤርሲሊያ ወደ ሐውልቱ ዞራ። "ቁጣህም በኔ ላይ ይውረድ!" ከዚያ አገጩን ይዛ ውሃውን ከንፈሩ ላይ አፈሰሰችው። አንዴ ዋጠ። ወዲያው ጠርሙሱን በሁለት እጁ ነጥቆ ዓይኑን ጨፍኖ ተጎነጨ።

ሳቁ ቆመ። ጋውዴንዚዮ አማተበና ሌላ ሰው በኑንዚዮ ቦታ አስገባ። ሐውልቱ እየተወዛወዘ ሽቅብ ሄደ፤ ሰዉም ጥሏቸው ተከተለው።

ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣቷ ሥር ያለው ምት እየረገበ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሁን መቁጠር ቻለች። ከላይ ደወሉ ተደወለ።

ኑንዚዮ ዓይኑን ገለጠ። ከጠዋት ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ትንፋሽ ሳበ።

"በይ ውጪና ልጅቱን እያት" አላት።

ኤርሲሊያ ተነሳች። አንድ እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳርፋ፣ ሚሬላን ከሩቅ በሩ ጋ በዓይኗ እየፈለገች ቆመች፤ ሁለተኛውን ማንሳት አቃታት።