ይሄ ደብዳቤ ልጄን አያውቃትም

«ቆይ ቆይ… ይህቺ ማናት?»

ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ ሀፊዝ ማንበቡን አቆመ።

«ልጅዎ ናታ አባባ! ከሪማ ሱሌማን… ስሟ ይኸው ታች አለ።»

«ስሙስ የሷ ነው። ሌላው የማን ነው?»

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ሀፊዝ የሚሠራባት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው።

አባባ ሱሌማን ከልጃቸው ጋር ከኩታበር የመጡት በጠዋት ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ይፈልጋል… ማመልከቻ የሚያበቃው ደግሞ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት።

ከሪማ ከተመረቀች አራት ዓመቷ ነው። አስራ ሰባት ቦታ አመልክታለች። አስራ ሰባቱንም የጻፈላት ሀፊዝ ነው። አንድም ቀን «ነይ» ብሎ የደወለላት የለም።

«አባ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ካልሆነ ፓስፖርት አውጥቼ ዓረብ አገር እሄዳለሁ» ብላቸዋለች።

አባትየው አብረዋት የመጡት ለዚህ ነው… ልጃቸው እንዳትሄድባቸው።

«ዓይኔ ደክሟል፣ እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አሉትና ሀፊዝ ማንበብ ጀመረ…

«እኔ አመልካች ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን የመሥራት ልምድ ያለኝ፣ የሥራ ጫናን የምቋቋም…»

እዚህ ላይ ነው «ይህቺ ማናት?» ያሉት።

«ይሄን ለስንት ሰው ሰጥተኸዋል ልጄ?»

ሀፊዝ ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ የተፈተነ ነው! ስም ብቻ ነው የምንቀይረው።»

እሳቸው አልሳቁም።

«ስማኝ… እኔ ስንት ቤት ለሽምግልና ገብቻለሁ። ወላሂ፣ ለአንዱ ልጅ የተናገርኩትን ለሌላው ደግሜ አላውቅም። መጀመሪያ የልጅቱ ቤት ምን እንደጎደለው አጣራለሁ። ከዚያ የልጁን ሙያ እነግራቸዋለሁ። ዝም ብዬ ‹ታታሪ ነው› ብላቸው ‹ምን ሠራ?› ይሉኛላ! ይሄ ደብዳቤ ልጄን አያውቃትም።»

ወደ ከሪማ ዞሩ።

«ሰዎቹ ምን ጎደላቸው?»

«ማስታወቂያውን ለማየት ፋብሪካው ድረስ ስወርድ… የነቀዘ ስንዴ በመኪና ሲያስወጡ አይቻለሁ አባ።»

«አንቺስ የማኅበራችንን መጋዘን ምን አደረግሽው?»

ከሪማ አፈረች። «እሱ ደግሞ ምን ይጻፋል? ደሞዝ የለው… መሥሪያ ቤት አይደል…»

«ጻፊው!»

እሷ እየተናገረች ሀፊዝ ተየበው…

«የገበሬዎች ማኅበራችን መጋዘን በየዓመቱ ዘር ይነቅዝበት ነበር። ያለ ደሞዝ ተረከብኩት። ጆንያዎቹን ከግድግዳው አራቅኩ። እያንዳንዱ ላይ የገባበትን ቀን በቾክ ጻፍኩ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አደረግኩ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ አንድ ጆንያ አልነቀዘብንም። እናንተ በር ላይ የነቀዘ ስንዴ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህንኑ ልሠራላችሁ እችላለሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስልክ ከታች አለ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።»

አለቀ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም።

ሀፊዝ በሆዱ ሳቀ። ቾክ! ጆንያ! እንዲህ ያለ ማመልከቻ ማን ያነባል?

ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ፕሪንት አድርጎ «ይቅናሽ» ብሎ ሸኛት።

አባትና ልጅ እንደወጡ መሳቢያውን ከፈተ… አንድ ፖስታ አወጣ።

የራሱን ማመልከቻ።

ለዚያው ፋብሪካ… ለዚያው ቦታ!

እሱም ተመርቆ ሥራ ያጣ ነው። «አንድ ተወዳዳሪ ቀነሰልኝ» ብሎ ነው ዝም ያለው። ወይ ሰው! ሱቁን ዘጋና በሚቀጥለው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ከሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ የተጠሩ የሦስት ሰዎች ስም በፋብሪካው በር ላይ ተለጠፈ።

ከሪማ ሱሌማን… አለች።

ሀፊዝ… የለም።

ደሙ ፈላ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ እስከዳር ቢሮ ሰተት ብሎ ገባ። «እኔ ምን ጎድሎኝ ነው የተጣልኩት?»

ሴትዮዋ አልተቆጡም። የወረቀት ክምር አቀረቡለት።

«እነዚህ የወደቁት ናቸው፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የአንተም እዚህ ውስጥ አለ። በል፣ ስሙን ሳታይ የራስህን አውጣልኝ» አሉና ከታች ስሙ ያለበትን በእጃቸው ሸፈኑት።

አንዱን አነበበ… ታታሪ፣ ታማኝ…

ሁለተኛውን… ታታሪ፣ ታማኝ…

አስረኛው ላይ ሲደርስ ተወው።

«አላወቅኩትም» አለ።

«አንተ ያላወቅከውን እኔ እንዴት ልወቅልህ ልጄ?»

ሠላሳ ስምንቱንም የጻፈው እሱ መሆኑን ሴትዮዋ አያውቁም። እሱም አልነገራቸውም። አፍሮ ወጣ።

ሐረጎን ሽቅብ ሲመለስ ያሳዘነው የራሱ መቅረት ብቻ አልነበረም… ከሪማ አስራ ሰባት ጊዜ የወደቀችው በማን እጅ እንደሆነ ገባው።

ከሪማ ሥራውን አገኘች። የፓስፖርቱም ነገር ቀረ፣ አልሀምዱሊላህ።

ሀፊዝስ ትሉኝ ይሆናል…

ሀፊዝ እኔ ነኝ። የዚህ ገጽ አድሚን።

ያንን ስም ብቻ እየቀየርኩ የምሰጠውን ፋይል ከኮምፒውተሬ አጥፍቼዋለሁ። አሁን ማመልከቻ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ወንበር አቀርብና «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ። ሁሉም መጀመሪያ «ምንም» ይላል… ውሸቱን ነው! ቀስ ብሎ ሲጠየቅ ይወጣል።

በቀደም አባባ ሱሌማን ሱቄ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «አፉ በሉኝ አባባ» አልኩ።

«አፉ ብያለሁ… ግን የራስህንስ ጻፍከው?»

የሰው ስጽፍ የራሴን አልጻፍኩም ነበር።

ይኸው… ዛሬ ጻፍኩት።

ወገኖቼ፣ ማመልከቻ ሽማግሌ ነው። እናንተ በሌላችሁበት ገብቶ ስለ እናንተ ይናገራል። የሌላ ሰው ወግ አስይዛችሁ አትላኩት… የሠራችሁትን ንገሩት።

እስቲ እናንተስ… ያለ ደሞዝ የሠራችሁት፣ «ምን ይጻፋል» ብላችሁ ማመልከቻችሁ ላይ የተዋችሁት ነገር ምንድነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።