የምድጃ ሙቀት

ጋሽ ጥላዬ «ኮሮና ይዞኛል» ብለው ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነው። ስልካቸው በጠያቂ ብዛት ግሏል፤ ሾርባውም ገንፎውም ከእህታቸው ቤት ይጎርፋል። በቤቱ ታማሚው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ሚስታቸው ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እየተንቀጠቀጠች ታስታምማቸዋለች።

የጤና ባለሙያዋ መጥታ ትኩሳታቸውን ለካች። ሠላሳ ሰባት እንኳ አልሞላም።

«መሣሪያሽ ሳይበላሽ አልቀረም» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ወደ ሚስትየው ስታዞረው አርባ አለ።

ጋሽ ጥላዬ ሳቁ። «እሷማ ምን ትሆናለች! ምድጃ ስር ውላ ነው። ቀዝቀዝ ስትል ለኪያት፣ ልጄ።»

ባለሙያዋ እጇን ልትታጠብ ወጥ ቤት ገባች። ምድጃው ውስጥ፣ ቀዝቃዛው አመድ ላይ፣ ዶሮዋ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች።