በሩ የማያውቃት ሴት

ሳምራዊት የኦንላይን ሱቋ ሊዘጋባት አንድ ሰዓት ሲቀረው በወይዘሮ ማስተዋል ደጃፍ ላይ ቆመች። ሴትየዋ ያዘዙትን ቀሚስ «አልደረሰኝም» ብለው ከስሰዋታል። እሷ ደግሞ በእጇ ሰፍታ ልካዋለች!

በዚህ ዘመን ዕቃ ተቀብሎ የሚያስረክበው የቤቱ በር ነው፤ የቤተሰቡን ስም የሚያውቀውም ሲጠራሩ እየሰማ ነው።

«በር ሆይ፣ የማስተዋል ቀሚስ የታለ?» አለች ሳምራዊት።

«ይዤላታለሁ» አለ በሩ። «ማስተዋል የምትባል ሴት ግን እዚህ ቤት የለችም።»

«እኔስ ማን ነኝ ታዲያ?» ብለው ጮኹ ሴትየዋ ከውስጥ ብቅ ብለው።

«አንቺማ እታገኝ ነሽ።»

እታገኝ አማታቸው በሠርጋቸው ያወጡላቸው ስም ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ቤት ማስተዋል ብሎ የጠራቸው የለም።

«እፎይ! ተረፍኩ!» ብላ ዘለለች ሳምራዊት። ልትስቅ ስትል የሴትየዋን ዓይን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«ክሱን አሁኑኑ አነሳለሁ» አሉ ወይዘሮ ማስተዋል ቀስ ብለው። «አንቺ ግን ግቢና ስሜን ጥሪልኝ፤ በሩ ይልመደው።»

«እትዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው!» ገብታ የጎረቤት ውሻ እስኪደነግጥ ጮኸች። «ማስተዋል!»

«አቤት!»

«ማስተዋል!»

«አቤት!»

በሩ ቀሚሱን አውጥቶ ካስረከባቸው በኋላም፣ ወይዘሮ ማስተዋል «ኧረ አንዴ ጨምሪልኝ» አሉ።