የመክፈቻው ፎቶ

ዓባይነህ ሲሞት፣ ወንድሙ ዮናዳብ ቆሰበር ከተማ ያለውን የፎቶ ማተሚያና ኮፒ ቤት ከሟች ሚስት ከዋጋዬ ላይ ነጠቀ። አሮጌው ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚመጣው የዓባይነህ ፎቶ ነው፤ ይኸ አንገበገበው።

"የባሌን ፊት እንኳ ተውልኝ" አለች ዋጋዬ።

"ሙት ገበያ አይጠራም!" ብሎ የራሱን ፎቶ ተካና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው።

ፊቱ መጣ። ከሥሩ፣ ለለቅሶ ፎቶ እንደሚጻፈው፣ የልደቱ ቀን አለ፤ ቀጥሎም "ዕረፍት" ይልና የዛሬው ቀን። እሱ አልጻፈውም።

"የአንቺ ሥራ ነው!" ብሎ ጮኸባት። ዋጋዬ ዞር ብላም አላየችው።

ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ጎረቤት ገባች። ዮናዳብን እንደሌለ ሰው አልፋው፣ "ዋጋዬ፣ የዮናዳብን ፎቶ ቶሎ አውጪልን" አለች፤ "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"