የሕማማት እርጎ

የፅጌረዳ የፊት ጥርሶች መጥቆር የጀመሩት አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። እናቷ ሳሮን ንፋስ መውጫ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ናት። የልጇን አፍ እያየች ዝም ማለት አልሆነላትም፤ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ከረመች። አገኘችም። እርጎ ውስጥ ያሉ ደግ ባክቴሪያዎች ጥርስ የሚበሉትን ይዋጋሉ ይላል።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! በየሳምንቱ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ የፋብሪካ እርጎ ታስመጣለች፤ በትንንሽ ጠርሙስ የታሸገ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚል። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ አንዱን ለአማቷ ለወይዘሮ ጌጤ ትተዋለች፤ እሳቸው ቀን ላይ ለልጅቱ ያጠጣሉ።

ወይዘሮ ጌጤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከስማዳ መጥተው ከልጃቸው ከምንይችል ቤት ነው የሚኖሩት። ፅጌረዳ ከጀርባቸው አትወርድም። እሳቸውም ከእሷ በቀር በዚህ ከተማ የሚያጫውታቸው የለም።

በጥር፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት፣ ቀመስ አደረጉት።

"ልጄ፣ ይኼ ለሕፃን ይሆናል ብለሽ ነው?"

"እማማ፣ ጥናት የተደረገበት ነው። እርስዎ ብቻ ያጠጡልኝ።"

"እንዳልሽ" አሉ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሕፃን አይጾምምና የፅጌረዳ እርጎ አልተቋረጠም። በመጋቢት የጥርስ ሐኪሙ ደምሌ ልጅቱን አይቶ ጥቁረቱ ባለበት ቆሟል አለ። ሳሮን ደስታዋን አልቻለችውም፤ የእርጎውን ነገር ያላወራችለት መምህር አልቀረም።

በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሳሮን ከወትሮው ቀደም ብላ ቤት ገባች። ጓዳውን ስትከፍት ወይዘሮ ጌጤ ጠርሙሱን ወደ አፋቸው ገልብጠውታል። እኒያ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት!

"ጉድ ፈላ! እማማ! የልጄን መድኃኒት? ያውም በሕማማት?"

ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"ስንት ቀን ሆነዎት?"

"ከጥር ጀምሮ ነው።"

"ምን አደረገችዎት ልጄ?"

"ምን ብዬ ላስረዳሽ። አጥፍቻለሁ። ለምንይችል ብቻ አትንገሪብኝ።"

ነገረችው። ምንይችል የሚገባበት ጠፋው፤ እናቱ በስተርጅና ጾም ሊያፈርሱ፣ ያውም ከሕፃን ነጥቀው! ከትንሣኤ ማግስት ወደ አገራቸው ስማዳ፣ ወደ ወገዳ በሚሄደው መኪና አሳፈራቸው። ፅጌረዳ ቀሚሳቸውን ይዛ አልለቅም ብላ አለቀሰች። እሳቸው ግንባሯን ስመው ገቡ።

ሳሮን ያለፈውን ለማካካስ እርጎውን ሁለት አደረገችው፤ አንዱን ቀን፣ አንዱን ልትተኛ ስትል።

በሐምሌ ወይዘሮ ጌጤ አረፉ። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ስለነበር ምንይችል የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ጎረቤቶቻቸው እንደነገሩት፣ ጾም አፍርሻለሁ ብለው ከቅዱስ ቁርባን እንደራቁ ነው የሞቱት። ምንይችል እርሙን ሳያወጣ ተመለሰ። ሳሮንም ሆዷ ባባ፤ ግን ያን ጠርሙስ መርሳት አልቻለችም።

በመስከረም የፅጌረዳ ጉንጭ አብጦ ዓይኗን ደፈነው። ደምሌ አራት ጥርሶቿን ነቀለ። ልጅቱ ጥጥ ነክሳ ተቀመጠች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

"ያቺ አሮጊት ናት!" አለች ሳሮን፤ አንቱታውም ቀረ። "የሚያድናትን እየነጠቀች ጠጣችባት። እኔ ሁለት ሁለት እየሰጠሁ እንኳ አልደረስኩላትም።"

ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ጠርሙስ አውጥታ ሰጠችው። ደምሌ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ባክቴሪያውስ ደግ ይሆናል" አለ። "ስኳሩ ግን ከሻይ ይብሳል። ይኼንን አጠጥተሽ ነው የምታስተኛት? እኔን የሚገርመኝ በመጋቢት እንዴት ሳይብስባት እንደቀረ ነው።"



ፅጌረዳ ጥጡን ተፋችው።

"እማማ እኮ 'ጥርስሽን ይፈጅብሻል፤ ወተት ደግሞ አይደፋም' እያሉ ነው ሲጠጡልኝ የነበሩት።"