በፀሐዩ ፀ

ግብር በድምፅ መከፈል ከጀመረ ወዲህ ሰው ሁሉ በዓመት ሦስት ወር ዲዳ ይሆናል፤ ከዚያ ድምፁ ይመለስለታል። ልብስ ሰፊዋ ፀዳለ ግን ድምፅዋን ካስረከበች ድፍን ሁለት ዓመት አለፋት። የአራት ዓመት ልጇን ለምሳ የምትጠራት ድስት በማንኪያ እየመታች ነው፤ ልጅቱም ጎረቤት ቤት ማንኪያ በወደቀ ቁጥር «አቤት እማዬ» ትላለች።

ዛሬም ልጇን ይዛ ግብር ቢሮው መስኮት ላይ ቆመች። ሠራተኛው መዝገቡን አገላበጠ።

«እህቴ፣ ድምፅ ያስረከበችው ፀዳለ በፀሐዩ ፀ ናት። ይመለስልኝ ብላ ያመለከተችው በጸሎቱ ጸ። በመዝገባችን ሁለት ሰው ናችሁ።»

ፀዳለ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ሲጠራ እኮ አንድ ነው» ብላ ጻፈችለት።

«እሱስ ልክ ነዎት። እንግዲያው ስምዎን በአንደበትዎ ይንገሩኝና መዝገቡን አንድ ላድርገው። ደንቡ በጽሑፍ አይቀበልም።»

አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሠራተኛው አቀረቀረ።

ያኔ ከጣራው ድምፅ ማጉያ ጥሪ ተሰማ፤ «ውድ ባለጉዳዮች፣ በትዕግሥት ተጠባበቁ።» ፀዳለ ክው አለች። ያስረከበችው የገዛ ድምፅዋ ነበር።

ልጅቱ ሽቅብ አንጋጠጠችና የእናቷን ቀሚስ ሳበች።

«እማዬ፣ የዚች ሴትዮ ድምፅ ደስ ሲል።»