የማን ተራ ነበር

ገብረወልድ ማሳ ሊጎበኙ የሚመጡትን ባለሙያዎች የያዘችውን አይሱዙ ከሩቅ አያት። ጭቃ በያዛቸው ብሎ ሲመኝ ነበር ያደረው፤ ማምሻም ዕድሜ ነው። ግን ደረሱ። ከመኪናዋ የጭነት ሳጥን ላይ አንዲት ጥቁር ጊደር ታስራ ቆማለች። እንደኔ ካጠፋ ገበሬ የወረሷት ትሆናለች ሲል አሰበና ባሰበት።

ከዋጫ ከተማ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለውን የሰርቶ ማሳያ ስንዴ የሚጠብቁት በአንድ ለአምስት የተደራጁ አባወራዎች ናቸው፤ በየሳምንቱ በተራ። ዘሩ ሲታደል የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከብት ያስገባ መሬቱን ይነጠቃል ብለው ነበር።

ነሐሴ ላይ ተራው የገብረወልድ ሆነ። ዝናብ ሽሽት ማማው ሥር እንደተጠለለ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ የገዛ ላሙ የማሳውን እኩሌታ ከመሬት ጋር አስተካክላዋለች። አብሮት ያስወጣት ጎረቤቱ ዋለ ነው። ዋለ ከአፌ አይወጣም አለው። አልወጣምም።

ስንዴው መልሶ በቀለ። ያልተበላው ወገን ረዘመና የጥቅምት ዝናብ አጋደመው፤ የተበላው አጥሮ፣ ግን ሳይወድቅ ቀረ። የገብረወልድ ዓይን ያረፈው ማጠሩ ላይ ነው። መሬቱ ከሄደ አምስት ልጆቹን በምን ያሳድጋል?

ከቦንጋ የመጡት ባለሙያ ወይዘሮ በዛወርቅ ማሳው ውስጥ ገብተው ጎንበስ ቀና አሉ። ከሁለቱም ወገን ዛላ ነቅለው ቆጠሩ፤ ጻፉ። ፊታቸው አይነበብም።

«ይህ ወገን በከብት ተግጧል» አሉ። «የማን ተራ ነበር?»

ሊቀመንበሩ አባወራዎቹን አንድ በአንድ ያዩአቸው ጀመር። የገብረወልድ ሚስት ታንጉት ባሏን ከሴቶቹ መሀል ሆና ታየዋለች።

«የዋለ ነበር» አለ ገብረወልድ። «የገባችው ላምም የእሱ ናት።»

ዋለ ዞሮ አየው። ቃል የሰጠ ሰው ነውና አፉን አልከፈተም። ገብረወልድ አፈረ፤ ፍርሃቱ ግን ከእፍረቱ በለጠ።

ወይዘሮ በዛወርቅ የዋለን ስም መዘገቡ። ወደ አይሱዙዋ ሄደው ጊደሯን አስወረዱና ገመዷን ይዘው ተመለሱ።

«የተጋጠው ከወደቀው በልጦ አፍርቷል። ስንዴን በቡቃያው ለከብት፣ በፍሬው ለሰው ያደረገ ገበሬ ፍለጋ ሦስት ቀበሌ ዞረናል» አሉ። «ሽልማትህን ተቀበል፣ አቶ ዋለ።»